ዊንዶውስ ከተቀየረ በኋላ የዘር ሐረግ ፕሮግራሙ ተንቀራፈፈ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ባሕር ዳር ውስጥም ኮምፒውተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻገረው ሰው ቀላል አይደለም። አንዱ ራሱ አወረደ፣ ሌላው ቴክኒሻን ጋ ወሰደ። የቤተሰቡን ትውልድ በኮምፒውተር የሚመዘግበው ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ቶሎ ይከፈት የነበረው መዝገብ አሁን ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ያስጠብቃል ይላል።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት ግራምፕስ የሚባለውን የዘር ሐረግ ፕሮግራም ለሚጠቀሙ ናቸው። ነፃ ስለሆነ ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። ሩትስማጂክ ወይም ሌጋሲ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ችግሩ መዝገቡና ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው።

ፎርማት ላስደርገው?

ኧረ አይሆንም! ቢያንስ አሁን አይሆንም።

ቴክኒሻኖች ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት ፋይሉ የት እንዳለ ይጠይቃሉ። እኛም "ዶክመንትስና ዴስክቶፕ ላይ" እንላለን። እነሱም ያንኑ ገልብጠው ሌላውን ያጠፋሉ። ግራምፕስ ግን መዝገቡን ዶክመንትስ ውስጥ አያስቀምጥም። በተጠቃሚው ስም ሥር፣ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያኖረው። ዶክመንትስ ብቻ ተገልብጦ ፎርማት ከተደረገ፣ ለዓመታት ከሽማግሌ አፍ የተለቀመው ስም ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባክአፕ። ግራምፕስ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን ትእዛዝ ምረጡ። ፎቶዎቹንም እንዲጨምር ንገሩት። የሚወጣውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ለእህት ወይም ለወንድም በቴሌግራም መላክም አይከፋም። ጌድኮም የሚባለውን፣ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያነቡትን ፋይል ብቻ አውጥቶ መቀመጥ አይበቃም። ጌድኮም ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ለመሻገር ጥሩ ነው። ነገር ግን ፎቶዎቹን ይዞ አይወጣም፣ ግራምፕስ ብቻ የሚያውቃቸውን አንዳንድ ዝርዝሮችም ይጥላል።

አፕግሬድ ካደረግሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። ይስተካከላል ወይስ እንዲህ ሊቀር ነው?

ትንሽ ታገሡት። አዲስ ዊንዶውስ ሲገባ ከጀርባ ብዙ ሥራ አለበት። ለፍለጋ እንዲመቸው ፋይሎችን አንድ በአንድ እያነበበ ማውጫ ያዘጋጃል። ዲፌንደር የሚባለው የቫይረስ መከላከያ እንደ አዲስ ይፈትሻል። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያሠሩት ድራይቨሮችና ማሻሻያዎች ይወርዳሉ። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ይህ ቶሎ ያልቃል። አሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ግን ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በየመሀሉ መብራት እየጠፋ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ሌሊቱን ተዉት። በራሱ እንዳይተኛም "ስሊፕ" የሚለውን አጥፉት። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ማሻሻያው ፓኬጁን ሙልጭ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ግንኙነቱን "ሚተርድ" አድርጉት። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ በራሱ ጊዜ ማውረዱን ይተዋል።

ሳምንት አልፎም ያው ከሆነ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፉ።

ማን እያንቀራፈፈው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከዚያ የዘር ሐረግ ፕሮግራማችሁን ክፈቱና ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ዓምዶች ተመልከቱ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከቀረ የዓምዱን ስም ጠቅ አድርጉ፤ ብዙ የሚበላው ከላይ ይወጣል። "ሰርች ኢንዴክሰር" ወይም "አንቲማልዌር" የሚል ከላይ ካያችሁ ፕሮግራማችሁ ወረፋ እየጠበቀ ነው። ሜሞሪው ከ90 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ራም አንሷል። ሲፒዩውን የሚበላው ግራምፕስ ራሱ ከሆነ ደግሞ ስለ ዝርዝሩና ስለ ቻርቱ ታች የጻፍኩትን አንብቡ።

ዲፌንደር አልለቅ ካለ መዝገቡ ያለበትን ፎልደር ከፍተሻ ማስወጣት ይቻላል። የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ሴቲንግስ ውስጥ "ኤክስክሉዥንስ" የሚል አለ። እዚያ የምታስገቡት ያችን አንዲት ፎልደር ብቻ ይሁን። ዳውንሎድስን ወይም ሙሉውን ፍላሽ አስወጥቶ መቀመጥ በር ከፍቶ እንደማደር ነው።

ዋንድራይቭ ምን አገባው? እኔ አልከፈትኩትም።

ዋንድራይቭ ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ አንተ ባትከፍተውም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉ ቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

ዊንዶውስ 11 ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት እንድትገቡ ይጠይቃል። ስትገቡ ብዙ ጊዜ ዶክመንትስ፣ ዴስክቶፕና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች ሳታስተውሉት ወደ ዋንድራይቭ ይዞራሉ። ስማቸው አይቀየርም፤ የተቀመጡበት ቦታ ነው የሚቀየረው። ከዚያ በኋላ ዶክመንትስ ውስጥ ያለ ፋይል በተነካ ቁጥር በኢንተርኔት ይላካል።

ለአንድ ደብዳቤ ይህ ምንም አይደለም። ለዘር ሐረግ መዝገብ ግን ጣጣ ነው። ሩትስማጂክና ሌጋሲ መዝገባቸውን ብዙ ጊዜ ዶክመንትስ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ስም ባስገባችሁ ቁጥር ፋይሉ ይለወጣል። ዋንድራይቭ ደግሞ ሊልከው ይይዘዋል። ፕሮግራሙ ሊጽፍ ሲል የተያዘ ፋይል ያገኝና ይቆማል። የከፋው ነገር መጎተቱ እንኳ አይደለም። መዝገቡ ሊበላሽ፣ ወይም የአንዱ ቤተሰብ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የትኛው ላይ እንደመዘገባችሁ አታውቁም።

የግራምፕስ መዝገብ አፕዳታ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ይተርፋል። ፎቶዎቹ ግን አይተርፉም። ዋንድራይቭ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀርና ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ይተዋል። ከፋይሉ አጠገብ የደመና ምልክት ካያችሁ ይኸው ነው። የአያታችሁን ገጽ ስትከፍቱ ፎቶው ያኔ መውረድ ይጀምራል። ኔቱ ደከም ባለበት ሰዓት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ኔት ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ፎቶው የለም።

መፍትሔው አያስቸግርም። ፕሮግራሙን ዝጉ። ሲ ድራይቭ ላይ፣ ከዶክመንትስ ውጭ አንድ ፎልደር ክፈቱና "ትውልድ" ወይም የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። መዝገቡንና ፎቶዎቹን (ግራምፕስ ከሆነ ፎቶዎቹን ብቻ) ወደዚያ ገልብጡ። የደመና ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች መጀመሪያ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ የሚለውን ምረጡና ወርደው እስኪያልቁ ጠብቁ። ከዚያ መዝገቡን ከአዲሱ ቦታ ክፈቱ። የድሮውን ፋይል ወዲያው አታጥፉት፤ ግን ስሙን ቀይሩት። አለበለዚያ አንድ ቀን በልማድ እሱን ትከፍታላችሁ።

ዋንድራይቭን እንደ ባክአፕ መጠቀም አይቻልም ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ ይቻላል። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው። የተጠናቀቀውን የባክአፕ ፋይል እዚያ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። እዚያው ላይ መሥራት ነው ክፉው።

የሚንቀራፈፈው ፎቶ ያለበትን ሰው ስከፍት ብቻ ነው። ፎቶዎቹ ዋንድራይቭ ላይ አይደሉም።

ሁለት ነገር ይፈተሽ።

አንደኛው መንገዱ ነው። ፎቶዎቹ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ፣ ከአፕግሬዱ በኋላ የዲስኩ መለያ ፊደል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ትናንት "ኢ" የነበረው ዛሬ "ኤፍ" ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን በድሮው አድራሻ እየሄደ ያንኳኳል። የዊንዶውስ "ዲስክ ማኔጅመንት" ውስጥ ገብቶ የድሮውን ፊደል መመለስ ከሁሉ ይቀላል። ግራምፕስ ውስጥም የፎቶዎችን አድራሻ በጅምላ የሚያስተካክል "ሚዲያ ማናጀር" የሚባል መሣሪያ አለ።

ሁለተኛው የፎቶው ክብደት ነው። የብራና ጽሑፍ ወይም የድሮ የርስት ክርክር ወረቀት በስልክ አንስታችሁ እንዳለ አስገብታችሁ ይሆናል። አንዱ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። እንዲህ ያለ ሃምሳ ገጽ በአንድ ሰው ስም ሥር ከተከመረ የትኛውም ፕሮግራም ይደክማል። ዋናውን ፎቶ ሌላ ቦታ በደንብ አኑሩት። ለፕሮግራሙ ረጅሙ ጎኑ 2,000 ፒክስል ያህል የሆነ ቅጂ ይበቃዋል፤ ጽሑፉም ይነበባል።

የሰዎቹ ዝርዝር ራሱ ለመከፈት ደቂቃ ይፈጃል። ለምን?

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው አገር ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሰዎችን በቤተሰብ ስም እየሰበሰቡ ነው። እዚያ አገር አንድ ስም ሥር ሁለት መቶ ሰው ሊገኝ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። አየነው ታደሰን ይወልዳል፣ ታደሰ ሙሉጌታን ይወልዳል። ሙሉጌታ ታደሰ፣ ታደሰ አየነው እያለ ይቀጥላል። አባትና ልጅ እንኳ በአንድ ርዕስ ሥር አይገቡም። ስለዚህ ሦስት ሺህ ሰው ያለበት መዝገብ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የያዘ እልፍ ርዕስ ይፈጥራል። ፕሮግራሙም ያንን ሁሉ ርዕስ ሠርቶ እስኪጨርስ ትጠብቃላችሁ።

ግራምፕስ ውስጥ የሰዎች ዝርዝር በሁለት ዓይነት ይታያል። አንዱ በስም የተሰበሰበ ነው፣ ሌላው ሳይሰበሰብ የተዘረጋ። የተዘረጋውን ምረጡ። ለእኛ ስም አሰጣጥ የሚስማማው እሱ ነው። ከአፕግሬዱ በኋላ ሴቲንጋችሁ ወደ ነበረበት ተመልሶ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስታስገቡ፣ ግራምፕስ የስሙን ምንጭ እንድትመርጡ ያደርጋችኋል። የአባት ስም መሆኑን የሚገልጸውን ምረጡ። ፍጥነት አይጨምርም፤ መዝገቡ ግን እውነቱን ይናገራል።

"እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ይዛመዳሉ?" ስለው ወይም ትልቅ ቻርት ሳወጣ ስታክ ያደርጋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ይህ ችግር ከጣና ሐይቅ ዳርቻ አካባቢ የመጣ መዝገብ ላይ በደንብ ይታያል፤ ምክንያትም አለው።

ጎጃም ውስጥ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ፣ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በሁለቱም ወገን ቆጥሮ ነበር ርስቱን የሚያስረዳው። ትውልድ መቁጠር ጨዋታ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር። ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከሜጫ የመጣ ሽማግሌ የእናቱን ወገን ከአባቱ ባልተናነሰ ያውቃል። መዝገባችሁም በሁለቱም በኩል ወፍራም ነው።

ሌላው ሰባት ቤት መቆጠሩ ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ጋብቻ ክልክል ነው። ከዚያ በላይ ግን ይጋባሉ። በአንድ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሕዝብ ደግሞ ከሰባት ቤት በላይ ሲሄድ መልሶ መገናኘቱ አይቀርም። አንዱ ቅድም አያት በአራት በአምስት መንገድ ይመጣል። በቃል ስንቆጥር "እሱማ እሱ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ቻርት የሚሥለው ፕሮግራም ግን በመጣበት መንገድ ቁጥር ይደግመዋል፣ ከእሱ በላይ ያሉትንም ሁሉ አብሮ ይደግማል።

ስሌቱን ተመልከቱ። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ ሰባተኛው ላይ 128 ቦታ አለ። አሥር ትውልድ ሲሆን 1,024 ይሆናል። አሥራ አምስት ቢባል 32,768። ሦስት ትውልድ በተጨመረ ቁጥር ሥራው ስምንት እጥፍ ያድጋል።

አፕግሬዱስ ምን አደረገ? ዊንዶውስ 11 ራሱ የሚይዘው ሜሞሪ ቀላል አይደለም። በፊት ለጥቂት ይበቃ የነበረው ራም አሁን አልበቃም። ሲሞላ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ ሜሞሪ መጠቀም ይጀምራል፤ መጎተቱ ከዚያ ይመጣል።

የትውልዱን ቁጥር ወስኑት። ለጋብቻ ጉዳይ ከሆነ የምትፈልጉት ሰባት ይበቃችኋል። ግራምፕስ ዝምድና ሲፈልግ ምን ያህል ትውልድ ወደ ላይ እንደሚሄድ ፕሪፈረንስስ ውስጥ መቀነስ ይቻላል። ለግድግዳ የሚሰቀል ትልቅ ቻርት ከሆነ የእናትንና የአባትን ወገን ለየብቻ አውጡ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ሲሆን ለሰውም ይነበባል። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ የማጨቅ ጉጉት አይገባኝም።

ቻርቱን በማውስ ስጎትተው ይንቀጠቀጣል።

የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ሳይጫን ቀርቶ ይሆናል። "ዲቫይስ ማናጀር" ውስጥ "ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ" የሚል ካያችሁ ያው ነው። ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን አውርዱ። ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ እየሠራ ከሆነም ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ፓወር ሞዱንም ወደ ከፍተኛው አድርጉት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ የባሕር ዳር ሙቀት ሲጠና፣ በአቧራ የታፈነ ፋን ያለው ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋ ላይ አታስቀምጡት።

የአማርኛው ፊደል ተቀየረ፤ ሪፖርቱም ተበታተነ።

ድሮ ዊንዶውስ ላይ የምናውቀው የአማርኛ ፊደል ናይላ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ናይላ አብሮ አይጫንም፤ ሴቲንግስ ውስጥ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ገብታችሁ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መጨመር አለባችሁ። አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። ሪፖርታችሁ በናይላ ተዘጋጅቶ ከነበረ ሌላ ፎንት ስለሚተካው መስመሮቹ ይዛነፋሉ። አዲስ ከጀመራችሁ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን እመክራለሁ፤ ነፃ ነው፣ ወረቀት ላይም ያምራል።

ፊደሉ የተምታታ የላቲን ምልክት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ተተይቧል ማለት ነው። ያ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ፎንቱን መልሶ መጫን ያስነብበዋል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

ፍለጋ ሰውን አላገኝ ሲል ደግሞ ፕሮግራሙን ከመውቀስ በፊት ፊደሉን ቀይራችሁ ሞክሩ። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ስተይብ ፊደሉ ዘግይቶ ይወጣል።

ሁለት የአማርኛ ኪቦርድ አብረው እየሠሩ እንዳይሆን። ከአሮጌው ዊንዶውስ የመጣውን አውጡና አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ የዊንዶውሱን የራሱን ወይም ኪማን የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም።

4 ጊጋ ራም ነው ያለኝ። ምን ልግዛ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 4 ጊጋባይት ነው ይላል። ይነሳል፤ መሥራት ግን ሌላ ነው። ብር ለአንድ ነገር ብቻ ካላችሁና ኮምፒውተራችሁ አሮጌው ሀርድ ዲስክ ያለው ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ። ልዩነቱን በዚያው ቀን ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ራሙን 8 አድርሱ። ከመግዛታችሁ በፊት ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 አጣሩ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል?

አፕግሬዱ በተደረገ በ10 ቀን ውስጥ ከሆነ አዎ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ "ጎ ባክ" የሚል አለ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ የድሮውን ቅጂ ራሱ ያጠፋዋል። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ "ዊንዶውስ ኦልድ" የሚባለውን ፎልደር ካጠፋችሁም መመለሻው የለም።

ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ሳያሟላ በግድ የተጫነበት ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን አስቡበት። ግራምፕስ ሊኑክስ ላይ በደንብ ይሠራል። መዝገባችሁም ባክአፑን በመክፈት ብቻ ይሻገራል።

አብሬ ግራምፕስንም ላሳድገው?

አንድ ጊዜ አንድ ነገር። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቁም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራምፕስ 6 መዝገቡን ሲከፍት ወደ አዲስ አቀማመጥ ይለውጠዋል፤ የድሮው ግራምፕስ ከዚያ በኋላ አይከፍተውም። ስለዚህ ባክአፑን በድሮው ሥሪት እያላችሁ አውጡ።

ማክ ነው ያለኝ።

ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የማኩ ፍለጋ ስፖትላይት ማውጫውን እንደ አዲስ ይሠራል፣ የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ አይክላውድም ዶክመንትስን ሊወስደው ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው የማክ ሥሪት፣ ከካታሊና ወዲህ፣ ባለ 32 ቢት የድሮ ፕሮግራሞች ጨርሶ አይከፈቱም።

አፕግሬዱ እየተካሄደ ሳለ ወይም ስመዘግብ መብራት ድንገት ጠፋ። አሁን መዝገቡ ሲከፈት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ስሕተት ይላል።

መጻፍ ሳይጨርስ ተቋርጦ ይሆናል። አዲስ ስም አታስገቡ። መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ባክአፕ አድርጉ። ከዚያ ግራምፕስ ውስጥ "ቼክ ኤንድ ሪፔር" የሚለውን አስሩጡ፤ ማውጫዎቹን እንደ አዲስ የሚሠራውንም አስከትሉ። ሩትስማጂክ ላይ "ዳታቤዝ ቱልስ" ውስጥ ያሉትን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል አስኬዱ። ስሕተቱ ካልጠፋ አዲስ ባዶ መዝገብ ክፈቱና ከመቋረጡ በፊት የወጣውን ባክአፕ እዚያ አስገቡ። በመሀል የመዘገባችኋቸውን ጥቂት ሰዎች እንደገና መጻፍ፣ የተበላሸ መዝገብ ላይ ከመቀጠል ይቀላል።